ካሊፎርኒያን ማን መታት?

አባቴና ጋሽ ሳህሉ የተጣሉት በአንድ ሕንፃ የተነሳ ነው። ሕንፃው ፍርድ ቤት ነበር፤ ኋላ ደግሞ እዚያው ተካሰሱበት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ግን ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና አልሳቅሁም። ዳኛው የሚፈርደው ሕንፃው ያምራል ወይስ ያስጠላል በሚለው ላይ ይመስለኝ ነበር። የተሸነፈው ሰው ላይኛው ፎቅ ተቆልፎበት እዚያው ይቀራል ብዬም አምን ነበር። ስለዚህ አባቴ እንዳይሸነፍ የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። የምችለው ሁሉ ደግሞ እሱን ከአገር ሊያስባርረው ምንም አልቀረውም።

ሕንፃው ዛሬም ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ቆሟል። ነጭ ነው። ከታች ሰፍቶ ይጀምርና ወደ ላይ እያፈገፈገ፣ እየጠበበ ይሄዳል። የተሠራው በፈረንጅ 1930ዎቹ፣ አሜሪካ ሥራ አጥታ ለዳቦ በተሰለፈችበት ዘመን ነው። የሠርግ ኬክ ይመስላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ተምረናል ይላሉ፤ እራት ላይ ያገኙኛል፤ ወይን ጠጅ ይዘው «ኬኩን አየሽው?» ይሉኛል። ሕንፃ አይተው የሚበላ ነገር ብቻ ከታያቸው ችግሩ ሆዳቸው ላይ ነው። ግን አሁን ከእነሱ ጋር አልጣላም። ጥሉ የአባቴ ነው።

ዘመኑ በፈረንጅ 1997 ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የሚካኤል ማኅበር በአቶ ኃይለየሱስ ቤት ነበር። ሚካኤል በወሩ አሥራ ሁለት ይውላል፤ ኦክላንድ ግን የሥራ ሺፍት ስላለ ሁልጊዜ እሑድ ነው የሚውለው። የአቶ ኃይለየሱስ አፓርትመንት ከሐይቁ ማዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ በሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ይታያል። እኔ መስኮቱ ሥር ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አባቴ ከላዬ ቆሞ ለአንድ እንግዳ ሕንፃውን ያስጎበኛል። አባቴ ሁሌም ያስጎበኝ ነበር። አንዱ እጁ ላይ እንጀራ፣ ሌላው እጁ አየር ላይ መስመር ይስላል።

ጋሽ ሳህሉ ታክሲ ነጂ ነው። ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱ ትልቅ፣ ልቡም ትልቅ ነው፤ ይህን የመጨረሻውን ግን ያወቅሁት አድጌ ነው። በዚያው ሳምንት ለአንድ የትራፊክ ቅጣት እዚያ ሕንፃ ውስጥ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ስለነበር ቂም ይዟል።

«ሕዝቡ ተርቦ እነሱ ፍርድ ቤት ይሠራሉ» አለ፣ በጋጠው አጥንት ወደ መስኮቱ እየጠቆመ። «በራብ ጊዜ ጎተራ ነው እንጂ።»

አባቴ ዞር ብሎ በትዕግሥት አስረዳው። የተራበው ሰው ሥራ ተሰጠው፤ ድንጋይ ጠረበ፣ ደመወዙን ተቀበለ፣ ዳቦውን ገዛ። ሕንፃው እንደ ምርቃት ነው።

«ምርቃቱን አየሁት። የትሪ ክምር ነው።»

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ያን ያህል የሚከብድ ነገር በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቢቆም ከታች የሚያልፈውን ሰው እንደሚጫነው፣ ነዳፊዎቹ ይህን አስበው ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ እንዳደረጉት መናገር ጀመረ።

«ያፈገፍጋል?» አለ ጋሽ ሳህሉ። «ግማሽ ቀን ውስጡ ቆሜ አንድ ስንዝር አላፈገፈገልኝም።»

አሁን ሳቁ ቤቱን ሞላው። ካህኑ ሳይቀሩ ሳቁ። የአባቴ ጆሮ ሲቀላ ከታች ሆኜ አየሁ። «የማታውቀውን አትናገር» አለው። ጋሽ ሳህሉም የሳቁ ሞገድ እንደ ተሸከመው፣ «አንተ ደግሞ ስለ ሕንፃ ልታስተምረኝ ነው? የአውቶቡስ ተራ ሽንት ቤት ነዳፊ» አለ።

አባቴ መታው። አንድ ጊዜ፣ አፉ ላይ። እንጀራው ገና በግራ እጁ ነበር።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ ጋሽ ሳህሉ ሕንፃውን ሰደበ፤ አባቴ ለሕንፃው ተደባደበ። ትክክል መሰለኝ፤ ኮራሁበት። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አሥራ አራት ዓመት ነዳፊ ሆኖ ሠርቷል፤ በስሙ ከወረቀት ወጥተው የተገነቡለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በእርግጥም ሽንት ቤት ነው። ኦክላንድ ደግሞ የሚሠራው ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ማቆም ነበር። ጋሽ ሳህሉ ሐሰት ቢናገር ኖሮ በቃል ይመለስለት ነበር። እውነት ስለተናገረ ነው ጥርሱ የወለቀው።

ጥርሱ ዶሮ ወጡ ውስጥ ገባ። ይህን አልፈጠርኩትም። ሴቶቹ ጭልፋ ይዘው ድስቱን ከበቡ፤ አቶ ኃይለየሱስ እጃቸውን ዘርግተው ማንም ምንም እንዳይውጥ አዘዙ፤ ሠላሳ ሰው ጉንጩ ውስጥ ያለውን ይዞ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ መካከል በሩ ተንኳኳ። ታች ያለው ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ፖሊስ ጠርቶ ነበር። ጋሽ ሳህሉ በመሐረብ የታፈነ አፉን ገልጦ ለፖሊሱ ሦስት ጊዜ «መታኝ፣ ጻፍ» አለው። ፖሊሱም ጻፈ። ጋሽ ሳህሉ ፈረመ።

ላይኛው ፎቅ እስር ቤት መሆኑን የነገረችኝ የክፍሌ ልጅ ናት። አያቷ እዚያ ታስሮ ሐይቁን በመስኮት ያይ ነበር አለችኝ። ሲሠራ ጀምሮ ላይኞቹ ፎቆች ለእስረኛ የታሰቡ ነበሩ፤ ይህን አባቴም ነግሮኝ ያውቃል። እስረኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወሩ ብዙ ዓመት እንዳለፋቸው ግን አልነገረኝም፤ እሷም አልነገረችኝም። ስለዚህ በየጠዋቱ አውቶቡሱ በሐይቁ ዳር ሲያልፍ ቀና ብዬ ጠባቦቹን መስኮቶች አይና አባቴን በየትኛው እንደማየው እመርጣለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያዝኩ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ ሕንፃው የተጻፈውን ለቃቀምኩ። መስኮቶቹን ቆጠርኩ። በሩ ላይ ያሉትን ንስሮች ሳልኩ። አዳራሹ ውስጥ ከእብነ በረድ ቁርጥራጭ የተገጣጠመውን የግድግዳ ሥዕል፣ ሥራ ያጡ ባለሙያዎች ቁራሽ በቁራሽ እንዳቆሙት ጻፍኩ። ሰባት ገጽ ሆነ። መምህሬ ሪፖርቱ ለትምህርት ቤት መስሏት ኮከብ ለጠፈችበት። እኔ ግን ለዳኛው ነው የጻፍኩት። አባቴ አብሮኝ ቁጭ ብሎ መስመሮቼን በማስመሪያ ያቀናልኛል፤ ለምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሁለታችንም ነገሩን የምናውቅ መስሎን ነበር።

በመካከሉ ሽማግሌዎች ገቡ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ ጋሽ ሳህሉ እግር ላይ ወደቀ። ድንጋዩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት የአበባ መደብ ላይ የተነሳ ጌጠኛ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ሴትየዋ ኋላ መጥታ መልሱልኝ አለች። አቶ ኃይለየሱስ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ስለሆኑ ሽምግልናውን የመሩት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ሳህሉን ምን ብትካስ ትረካለህ ብለው ጠየቁት። እሱም ጥርሴን በገንዘብ አልሸጥም አለ። ትንሽ አሰበና፣ ክፍት ቦታው በሚታይ ፈገግታ፦

«ያ ሕንፃ አስቀያሚ ነው ይበል። በራሱ አፍ፣ እኔ እየሰማሁ። ይህን ሳልሰማ ረካሁ ብል ሚካኤል ይፍረድብኝ።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ኃይለየሱስም «ይላል፣ ምን ችግር አለው» አሉ፤ ካህኑ መስቀል አሳለሙና ምርቃት ተጀመረ። ድንጋዩ አንገቱ ላይ ያለው ሰውዬ አንድም ቃል አለመናገሩን ልብ ያለ አልነበረም። እኔ ብቻ አየሁ፤ እኔም ጎበዝ አልኩት በልቤ።

ከዚያ የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት ተሠራ። ታርቀዋል፤ ካህን መርቋል፤ ዳቦ ተቆርሷል። ስለዚህ ክሱ አለቀ ብለው ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ አመኑ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ደርሶ አለፈ፤ ማንም አልሄደም። በሳምንቱ እናቴ የወርቅውሃ ከነርሲንግ ሆም፣ ከአረጋውያን መጦሪያው፣ የሌሊት ሥራዋ ስትመለስ ፖስታ አገኘች። አባቴ ሲገኝ እንዲያዝ ትዕዛዝ ወጥቷል።

መንግሥት የመደበለት ጠበቃ ለጋ ሴት ነበረች፤ ትዕዛዙን አስነሳችለትና ሌላ ቀጠሮ አስያዘች። ቢሮዋ ስንሄድ አቶ ኃይለየሱስ ጥቁር ሱፍ ለብሰው አብረውን መጡ። እናቴ እያስተረጎመች፣ እኔ ጥግ ላይ ከሪፖርቴ ጋር ተቀምጬ፣ ሽማግሌው ነገሩን አስረዷት። እርቅ ወርዷል፤ ከሳሹ ይቅር ብሏል፤ ታዲያ ማን ነው የሚከሰው? ጠበቃዋ፣ ሳህሉ ከሳሽ አይደለም አለች፤ ምስክር ነው። ከሳሹ የካሊፎርኒያ ሕዝብ ነው።

አቶ ኃይለየሱስም፣ «ካሊፎርኒያን ማን መታት?» አሉ።

እናቴ ይህን ሳትተረጉም ቀረች። ዛሬ ሕግ የተማሩ ሰዎች ጋር ስቀመጥ ይህን ጥያቄ አነሳለሁ፤ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ብዙ ያወራሉ፤ መልስ ግን አይደለም።

ጠበቃዋ ስትቀጥል ፊቷ ተለወጠ። ባለፈው ዓመት ስለ ስደተኛ አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ አባቴ ዜግነት ስላልወሰደ እንዲህ ባለ ነገር ከተፈረደበትና ቅጣቱ ከከበደ ከአገር ሊያስወጡት ይችላሉ አለች። ጥግ ሆኜ የሰማሁት «ያስወጡታል» የሚለውን ነው። ከየት? ካልቆለፉበት ጥሩ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

አንድ መንገድ ግን ነበረ። ካሊፎርኒያ እንዲህ ላለ ቀላል ወንጀል በጣም ያረጀ አንቀጽ አላት፦ የተጎዳው ሰው ራሱ ዳኛ ፊት ቀርቦ ተክሻለሁ፣ ረክቻለሁ ካለ፣ ዳኛው ክሱን ሊዘጋው ይችላል። አቶ ኃይለየሱስ ይህን ሲሰሙ፣ ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትሉም ነበር በሚል ዓይን ጠበቃዋን አዩአት። ጋሽ ሳህሉ ዘንድ ተደወለ። እሱም መምጣቱን እመጣለሁ አለ። ግን አልረካሁም አለ። ቃሉን አልሰማሁም፤ በሚካኤል ምያለሁ፤ አሁን ደግሞ አሜሪካ ዳኛ ፊት እጄን አንስቼ ረክቻለሁ ብል ሁለት ጊዜ በሐሰት መማል ነው። ይበለኝና ልገላገል።

አባቴ አልልም አለ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አልልም አለ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አንድ ጎልማሳ፣ ባለትዳር፣ የልጅ አባት፣ ለተጠረበ ድንጋይ ሲል ልጁን ትቶ አውሮፕላን ላይ ለመጫን ተዘጋጀ። እናቴ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ በኩል ስትናገር እሰማት ነበር። «አስቀያሚ ነው በል። አንድ ቃል ናት። ሕንፃው አይሰማህም» ትለዋለች። እሱ የሆነ ነገር በዝግታ ይመልሳል። አንዴ ብቻ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሌላውን ሁሉ ብያለሁ፤ እሺ ጌታዬ ብያለሁ፣ መኪናዎ ያምራል ብያለሁ፤ ይህቺን ተዉልኝ» አለ። እናቴ ወደ ጋሽ ሳህሉ ቡድን ገብታለች ብዬ ሁለት ቀን ጉንጯን አልሳምኳትም።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ጋሽ ሳህሉ በራችን ላይ ቆመ። ነጠላ ለብሷል፤ አባቴም ለችሎቱ ነጠላውን ደርቧል። እናቴ ገና ከሥራ አልተመለሰችም። አባቴ አንድ ትንሽ ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ አቁሞ ነበር፤ ሲያትል ስላለው የአክስቱ ልጅ ሲያወራ ሰንብቷል። ጋሽ ሳህሉ ሻንጣውን አየ፣ አባቴን አየ። ምንም ሳይል የራሱን ነጠላ አንዱን ጫፍ ከአባቴ ነጠላ ጋር፣ በደንብ፣ ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

«ቁራኛዬ ነህ» አለው። «አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሄዱት፤ ከሳሽና ተከሳሽ ታስረው። አንተ ከጠፋህ እኔ ነኝ ካሊፎርኒያን ብቻዬን የምጋፈጠው።»

አባቴ መቋጠሪያውን አየው። ሊፈታው ይችል ነበር፤ አልፈታውም። እኔ ግን ጠላት አባቴን ማርኮ ሊወስደው መጣ ብዬ ሮጬ ጋሽ ሳህሉን ቅልጥሙ ላይ ረገጥኩት።

«ጎሽ» አለ እያነከሰ። «ያንቺው ደግሞ በየትኛው ችሎት ይታያል?»

ጋሽ ሳህሉን በዋዜማው ማታ ደውላ የጠራችው እናቴ መሆኗን ያወቅሁት በሠላሳ ዓመቴ ነው።

ሐይቁን ዞረን በእግራችን ሄድን። ሁለት ጎልማሶች በነጠላ ተቋጥረው፣ በዝይ ኩስ መካከል እየተጠነቀቁ፤ እኔ ሪፖርቴን ደረቴ ላይ አቅፌ ከኋላ። ሯጮች መንገድ ይለቁላቸዋል። አንዲት አሮጊት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንኳን ደስ ያላችሁ አለቻቸው፤ አባቴ ባርኔጣውን አነሳላት። ሕንፃው እየቀረበ ሲመጣ አባቴ ራሱን መግዛት አቃተው። ቆሞ ወደ ላይ ይጠቁማል፤ ሲቆም ጋሽ ሳህሉ ተጎትቶ ይቆማል።

«እዪ፣ ወንጌላዊት፣ ታች ያለው ድንጋይ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ላዩ ነጭ። ክብደቱን ለመሬት ሰጥቶ ላዩን ለብርሃን ሰጠው።»

«እንሂድ፣ ረፈደ» ይላል ጋሽ ሳህሉ።

«መስኮቶቹ ደግሞ ቁመት እንጂ ወርድ የላቸውም። ለምን ይመስልሻል?»

ለምን እንደሆነ በሪፖርቴ ገጽ አራት ላይ ስላለ በእንግሊዝኛ መለስኩለት፤ ጋሽ ሳህሉ እየሰማ መሆኑን አይቼ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በሁሉም ነገር መቆም ስላለብን ጋሽ ሳህሉ ሳይወድ በግድ ሕንፃውን ከእግር እስከ ራሱ ተማረ። በሩ ላይ ዘበኛው ሁለቱ ተቋጥረው በመፈተሻው ማለፍ እንደማይችሉ ነገራቸው። እነሱ ቋጠሮውን ሲፈቱ ለምን እንደታሰሩ ጠየቀኝ። አንዱ ሌላውን ይዞት ነው አልኩት። የትኛው የትኛውን አለኝ። አሁን ሳስበው ጥሩ ጥያቄ ነው።

እናቴ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር በአውቶቡስ መጥታ ችሎቱ በር ላይ ጠበቀችን። አቶ ኃይለየሱስ ፊት ወንበር ይዘዋል። አስተርጓሚዋ ወይዘሮ ጽጌ ከሳንሆዜ የመጡ ናቸው፤ ቁጥብ ሴት፣ ቃል የማይጨምሩ ቃል የማይቀንሱ። ስማችን ሲጠራ ዳኛው፣ ሽበታም ሰው፣ ወረቀቱን አገላበጠና ጋሽ ሳህሉን ስለ ደረሰበት ጉዳት ተክሶ እንደሆነ ጠየቀው።

«ገና ነኝ» አለ ጋሽ ሳህሉ።

ጠበቃችን ዓይኗን ጨፈነች። ዳኛው ምን እንደቀረው ጠየቀ።

«አንድ ቃል፣ ክቡር ዳኛ። እሱ ያውቀዋል።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ቆመ። ግድግዳው ላይ የተለበጠውን እንጨት አየ፤ ጣሪያውን፣ የተንጠለጠሉትን መብራቶች፣ የበሩን ናስ እጀታ ሳይቀር አየ፤ እንደሚሰናበት ሰው። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ጊዜው ደረሰ ብዬ ሪፖርቴን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ፣ ንስሮቹ በእሱ በኩል እንዲታዩ አዙሬ ያዝኩለት። ከረሳው እንዲያስታውስ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ሥዕሉን ሳይሆን እኔን እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

«ይህ ሕንፃ» አለ፣ «አስቀያሚ ነው።»

ወይዘሮ ጽጌ አንድ አፍታ ዘገዩ። ከዚያ ቃል በቃል ተረጎሙት። ዳኛው ቀና ብሎ ጣሪያውን ተመለከተ።

«ረክቻለሁ» አለ ጋሽ ሳህሉ፤ ድምፁ ተሰብሮ። «ረክቻለሁ፣ ተክሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ወንበሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ውሸቱን ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጮኽኩ። አባቴ አያምንበትም፤ ይህ ሕንፃ ያምራል፤ እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሲያስተምረኝ ነበር፤ ማስረጃ አለኝ። እናቴ በሁለት እጇ ወገቤን ይዛ ጎተተችኝ። አቶ ኃይለየሱስ «ሚካኤል» ሲሉ ሰማሁ። ወዲያ በኩል የተቀመጠው ዐቃቤ ሕግ እስክሪብቶውን አነሳ።

ዳኛው እጁን ዘርግቶ ጸጥ አሰኘን። ቀስ ብሎ ጋሽ ሳህሉን ጠየቀው፦ ልጅቷ «አባቴ አያምንበትም» ትላለች። እውነት ከሆነ፣ አንተ አሁንም ረክተሃል?

ወይዘሮ ጽጌ ተረጎሙ። ጋሽ ሳህሉ አባቴን አየ፤ ከዚያ ገና ወንበሩ ላይ ያለሁትን እኔን አየኝ።

«ክቡር ዳኛ» አለ፣ «የሚያምንበትንማ ቢናገር ምኑ ካሳ ነው? ያማል እኮ። እዩት።»

ዳኛው አባቴን አየው። ወይዘሮ ጽጌ ተርጉመው እስኪጨርሱ ድረስ አየው። ከዚያ መዝገቡ ላይ ጻፈና ክሱ ተዘግቷል አለ።

የዚያን ቀን መዝገብ አድጌ አስወጥቼ አንብቤዋለሁ። የአባቴ ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ሕንፃው ራሱ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። የእኔ ጩኸት አንዲት መስመር ሆኖ ገብቷል፤ ከአዳራሹ የተሰማ ድምፅ ይላል። ስም እንኳ አልሰጡኝም።

ደረጃው ላይ ጋሽ ሳህሉ አባቴን አቅፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ እንባውን እየጠረገ፣ ያ ውስጥ ያለው የእብነ በረድ ሥዕል ግን ክፉ አይደለም አለ። አባቴ «አሁን ነው የምትለኝ?» ብሎ ፊቱ ሲቀላ እናቴ በመካከላቸው ገባች። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ተሸንፏል፤ ፈርቶ ካደ፤ ይባስ ብሎ ከጠላቱ ጋር ይሳሳቃል። ላይኛው ፎቅ ቢወስዱት ኖሮ ቢያንስ በየጠዋቱ ከአውቶቡስ እጄን አወዛውዝለት ነበር።

ሦስት ሳምንት አኮረፍኩት። እሱ አልልም ያለውን ያህል፣ ቀኑን ቆጥሬ ሳይሆን እልኼ እኩል ስለሆነ ነው። ሐይቁ ዳር እንውጣ ይለኛል፤ ፊቴን አዞራለሁ። ቁርስ ሠርቶ ያቀርባል፤ ሳህኑን በአንድ ጣት እገፋለሁ። ሌላ አባት ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ኩርፊያዬን እንደ ግብዣ ያየዋል። ይህ ይበልጥ ያናድደኛል። በዚያው ወር ቤታችን የማኮርፈውን ሰው ሊያጣ እንደነበር፣ እሱ በየጠዋቱ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ይህን እያሰበ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ቀን እንቁላሉ ጨው በዛበት። አንድ ጉርሻ ወስጄ፣ ሳላስበው፣ አስጠላኝ፣ ማን ይበላዋል ይህን አልኩ።

አባቴ ብድግ አለ። ከሌሊት ሥራ ገብታ የተኛችውን እናቴን ሊቀሰቅስ በካልሲው ኮሪደሩን እየተንሸራተተ ሮጠ።

«የወርቅውሃ፣ ተነሺ» ሲላት ሰማሁ። «ተናገረች። ምግቤን ሰደበችው።»